ከመርከቡ ታች የተኛው ማን ነው? የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ወደ ውስጥ የማንበብ መመሪያ

ማዕበሉ ተነሥቷል። መርከበኞቹ እያንዳንዳቸው ወደየአምላካቸው ይጮኻሉ፤ መርከቡ እንዲቀልላቸው ጭነቱን እያነሡ ወደ ባሕር ይጥላሉ። በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል አንድ ሰው ከመርከቡ ታች ወርዶ ተኝቷል። የግሪክኛው የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም እንዲያውም ያንኮራፋ ነበር ይላል። ማዕበሉ የመጣው በእሱ የተነሣ ነው፤ ያልነቃውም እሱ ብቻ ነው።

ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ ተገርሞ ያልፋል። ሌላ ዓይነት አንባቢ ግን ቆም ይልና ራሱን ይጠይቃል፦ በእኔስ ውስጥ ሁሉ ሲናወጥ የሚተኛው የትኛው ነው? ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ለሚጠይቁ ሰዎች ነው። የሚያስፈልገው ነገር ትንሽ ነው፤ ትንቢተ ዮናስ፣ ደብተር፣ እርሳስና ሦስት ቀን። መጽሐፉ 4 ምዕራፍ፣ 48 ቁጥር ብቻ ስለሆነ ድምፅ አውጥቶ በዝግታ ለማንበብ ሩብ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ከዐቢይ ጾም መግቢያ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ሰኞ የሚገባውና ረቡዕ የሚያበቃው ጾመ ነነዌ ለሥራው የተመቸ ጊዜ ነው። ማናቸውም ሌላ ሦስት ቀንም ይሆናል።

አካሄዱ ትናንት የተጀመረ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት 20 ዓመት ገደማ ቀድሞ የተወለደው የእስክንድርያው አይሁዳዊ ፈላስፋ ፊሎን ኦሪት ዘፍጥረትን ሲተረጉም አዳምን አእምሮ፣ ሔዋንን የስሜት ሕዋሳት፣ እባቡን ደግሞ ተድላ ብሏቸዋል። እባቡ በቀጥታ ወደ አዳም ያልሄደበት ምክንያት ለፊሎን ግልጽ ነው፤ ተድላ አእምሮን የሚይዘው በዓይን፣ በጆሮና በምላስ በኩል ገብቶ ነው። ከኤደን የሚወጡትን አራት ወንዞችም አራቱ ታላላቅ ምግባራት ናቸው ይላል፦ ጥበብ፣ ጀግንነት፣ ራስን መግዛትና ፍትሕ። የኢትዮጵያን ምድር ይከብባል የተባለው ግዮን የደረሰው ለጀግንነት ነው። የአማርኛ አንባቢ ግዮንን ዓባይ ብሎ ያውቀዋል። ፊሎን ይህን የጻፈው ያው ወንዝ ባሕር ገብቶ በሚያበቃበት አገር ተቀምጦ ነበር።

ከእሱ በኋላ ብዙዎች ተከትለዋል። ዮሐንስ ካሲያን በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ኢየሩሳሌም የሚለውን አንድ ስም በአራት መንገድ አንብቦታል፦ የአይሁድ ከተማ፣ የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰማያዊት ከተማ፣ የሰው ነፍስ። ይህ መመሪያ የሚይዘው አራተኛውን ነው፤ ሦስቱ ግን አይሻሩም።

ፊደሉ ይቅደም

የመጀመሪያው ሥራ ምሥጢር ፍለጋ አይደለም። ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር እንደ ታሪክ ያንብቡት፤ አራቱንም ምዕራፍ፣ በአንድ ቁጭታ። ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በ4ኛው መቶ ዘመን የሙሴን ሕይወት ሲጽፍ መጽሐፉን ለሁለት ከፍሎ ነበር። በመጀመሪያው ክፍል ታሪኩን ብቻ ተረከ። በባሕር የሰጠመው የፈርዖን ሠራዊት በሰው ውስጥ ያለ የክፉ ምኞት ሠራዊት መሆኑን የተናገረው በሁለተኛው ክፍል ነው። ታሪኩን ሳይጨርስ ወደ ምሥጢር የሚቸኩል ሰው የራሱን አሳብ በታሪኩ ላይ ይለጥፋል እንጂ ከታሪኩ የሚማረው ነገር አይኖረውም።

ዮናስ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ምዕራፍ 1ን ብቻ ያነበበ ሰው፣ ነቢዩ የሸሸው ፈርቶ ነው ብሎ ይደመድማል። እንዲሄድ የታዘዘባት ነነዌ የአሦር ከተማ ናት፤ አሦራውያን ደግሞ በጭካኔያቸው የታወቁ ነበሩ። ቢፈራ ማን ይፈርድበታል? እውነተኛው ምክንያት የሚወጣው ግን ምዕራፍ 4 ላይ ነው። ዮናስ የሸሸው እግዚአብሔር መሐሪ መሆኑን አስቀድሞ ስላወቀ፣ ጠላቶቹም ይተርፋሉ ብሎ ስለሰጋ ነው። ፍርሃት የመሰለው ነገር ቂም ነበር። ምዕራፍ 1 ላይ ደብተሩን የዘጋ አንባቢ «ፍርሃት» ብሎ ጽፎ፣ በራሱም ውስጥ ፍርሃትን ሲያድን ይከርማል። ቂሙ ከታች ተኝቶ ያንኮራፋል።

በሁለተኛው ንባብ እርሳስ ያንሡና ግሦቹን ያስምሩ። ሰዎቹ ምን አደረጉ? ወዴት ሄዱ? በዮናስ ታሪክ ዕብራይስጡ አንድ ግሥ ደጋግሞ ያመጣል፤ ያራድ፣ ማለትም ወረደ። ወደ ኢዮጴ ወረደ፣ ወደ መርከቡ ወረደ፣ ወደ መርከቡ ውስጠኛ ክፍል ወረደ፣ በመጨረሻም ወደ ተራሮች መሠረት ወረደ። የዕብራይስጡ ግሥና የእኛ «ወረደ» አንድ ሥር ያላቸው እኅትማማቾች ስለሆኑ የአማርኛ ተናጋሪ ነገሩን ለመስማት መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልገውም። በዚያው ታሪክ ውስጥ የዚህ ግሥ ተቃራኒም አለ። እግዚአብሔር ዮናስን መጀመሪያ የሚለው «ተነሥ» ነው። አምላኩን የማያውቀው የመርከቡ አለቃም ሊቀሰቅሰው ሲወርድ የሚናገረው ያንኑ «ተነሥ» ነው። ዮናስ ያን ቃል ሸሽቶ ስንት ደረጃ ወረደ፤ ቃሉ ግን በማያውቀው ሰው አፍ ተከትሎት ገባ። ይህን ያስተዋለ አንባቢ ወደ ውስጥ ለማንበብ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

አቅጣጫውንም ያስተውሉ። ነነዌ በምሥራቅ በኩል፣ በዛሬዋ ሞሱል አጠገብ በጤግሮስ ዳር የነበረች ከተማ ናት። ዮናስ ሊሸሽባት የተሳፈረላት ተርሴስ ደግሞ በባሕር ተሻግሮ ወደ ምዕራብ ናት። ሰውየው ከታዘዘበት ዘወር ማለት አልበቃውም፤ ፊቱን ወደ ተቃራኒው አዙሮ፣ ዋጋውን ከኪሱ ከፍሎ ተሳፈረ።

ሰዎቹን ወደ ውስጥ ማስገባት

አሁን ደብተሩን በመሐል በመስመር ይክፈሉት። በግራ በኩል በታሪኩ ያለውን ሁሉ ይጻፉ፦ ዮናስ፣ መርከቡ፣ አለቃው፣ መርከበኞቹ፣ ማዕበሉ፣ ዓሣው፣ ነነዌ፣ ቅሉ፣ ትሉ፣ ትኩሱ ነፋስ። በቀኝ በኩል ለእያንዳንዱ በራስ ውስጥ የሚመስለውን ሁኔታ፣ ከዚያም ያ ሁኔታ የታየበትን ከሰሞኑ ኑሮ አንድ ቀን ይጻፉ። ቀን የሌለው ምልክት አየር ላይ የተንሳፈፈ ቃል ሆኖ ይቀራል።

የሚፈለገው ሁኔታ እንጂ የሰው ጠባይ አይደለም። «እኔ ዮናስ ነኝ» የሚል ሰው ለራሱ ስም አወጣ እንጂ ራሱን አላየም። «ማክሰኞ ማታ እናቴ ስትደውል ስልኩን ገልብጬ ሳስቀምጥ ወደ ተርሴስ ተሳፍሬ ነበር» የሚል ግን አንድ ነገር አይቷል። ያው ሰው ረቡዕ ጠዋት ሌላውን የሚቀሰቅስ የመርከብ አለቃ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ጀማሪ ዋናውን ሰው ይዞ ሌሎቹን ይዘላል። ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። መርከበኞቹን ለምሳሌ ይመልከቱ። ማዕበል ሲነሣ መጀመሪያ የጣሉት ጭነቱን ነው፤ ጭነቱ ግን ጥፋት አልነበረበትም። ከአንድ ሰው ጋር የተኳረፈ ሰው ሥራ ይቀይራል፣ ቤት ይለውጣል፣ ቁም ሣጥኑን ያራግፋል፤ ማዕበሉ ግን አይበርድም። ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ እንኳ መርከበኞቹ ዮናስን ላለመጣል ወደ የብስ ለመመለስ አጥብቀው ይቀዝፋሉ። ደግነታቸው ልብ ይነካል። በሰው ውስጥም እንዲህ ያለ ደግ ቀዛፊ አለ፤ ነገሩ ሳይነሣ፣ ማንም ሳይቀየም በጉልበት ብዛት ዳር እንደርሳለን የሚል።

ይህ አነባበብ በአይሁድም ዘንድ የቆየ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በስፔን የወጣው ዞሐር ዮናስን ነፍስ፣ የገባበትን መርከብ ደግሞ የሰው ሥጋ ያደርገዋል። ነፍስ ወደዚህ ዓለም ስትወርድ መርከብ እንደምትሳፈር መንገደኛ ናት። መጽሐፈ ዮናስ በየዓመቱ በአይሁድ የስርየት ቀን ከሰዓት በኋላ ይነበባል።

ከዚያ ሆዱ ይመጣል። አማርኛ እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ቋንቋ የሌለው ሀብት አለው። በአማርኛ ሰው የሚያዝነው በሆዱ ነው፤ ሆዱ ይባባል፣ ሆዱ ይብሳል። ምሥጢር የሚቀመጠው በሆድ ነው፤ ቻይ ሰው ሆደ ሰፊ ነው፤ የማይነገረውን ነገር ሆድ ይፍጀው ይባላል። እንግዲህ በዚህ ቋንቋ ያደገ አንባቢ ዮናስ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት በዓሣው ሆድ አደረ የሚለውን ሲያነብ የሚሰማው ሌላ ነው። ሆድ ያልተነገረ ነገር የሚከማችበት ስፍራ ነው። ዮናስም ወደ አምላኩ ሲጸልይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው እዚያ ነው። በመርከቡ ላይ መርከበኞቹ ሁሉ ሲጸልዩ እሱ ሲጸልይ አልታየም፤ አለቃው ለምኖት እንኳ። የሆዱን የተናገረው ሆድ ውስጥ ገብቶ ነው። ስለዚህ ምዕራፍ 2ን ሲያነቡ ይህን ጥያቄ ደብተሩ ላይ ያስፍሩ፦ እስከ ዛሬ «ሆድ ይፍጀው» የተባለው የትኛው ነገር ነው? መልሱን ለማንም ማሳየት አያስፈልግም።

እንቅስቃሴውን መከተል

ሦስተኛው ሥራ ከሁኔታ ወደ ሁኔታ የሚሸጋገሩበትን መንገድ ማየት ነው። አንድን ምልክት ለብቻው ነጥሎ መያዝ ሥዕል እንደ ማየት ነው፤ ታሪክ ግን ይሄዳል። ይህን ለመለማመድ ከዮናስ ይልቅ አጭርና ጥርት ያለ ምሳሌ ስላለ ለአንድ ምሽት ወደ ኦሪት ዘፍጥረት 26 ይሂዱ።

ይስሐቅ አባቱ አብርሃም ያስቆፈራቸውን የውኃ ጕድጓዶች ያገኛል፤ ፍልስጥኤማውያን አፈር ሞልተው ደፍነዋቸዋል። እንደገና ያስቆፍራቸዋል። አዲስ ሲቆፈር የአገሩ እረኞች «ውኃው የእኛ ነው» ብለው ይጣላሉ፤ ጕድጓዱን ኤሴቅ፣ ጠብ ይለዋል። ሌላ ያስቆፍራል፤ በዚያም ይጣላሉ፤ ስጥና፣ ጠላትነት ይለዋል። ከዚያ ርቆ ሄዶ ሦስተኛ ያስቆፍራል። በዚህኛው የሚጣላ የለም፤ ርኆቦት፣ ሰፊ ስፍራ ይለዋል።

የ3ኛው መቶ ዘመን መምህር ኦሪጀን፣ ከሞተ በኋላ ብዙ አሳቦቹ የተወገዙበት ቢሆንም፣ ስለ እነዚህ ጕድጓዶች የሰበከው ስብከት እስከ ዛሬ ይነበባል። በእያንዳንዱ ነፍስ ውስጥ የሕይወት ውኃ ጕድጓድ አለ፤ ውኃው አልደረቀም፤ አፈር ነው የተሞላበት ይላል። እንግዲህ የአንባቢው ሥራ ውኃ ማምጣት ሳይሆን አፈር ማውጣት ነው። ይስሐቅ ለሁለቱ ጕድጓዶች ሳይሟገት ሲያልፍ ሽንፈት ይመስላል፤ ስማቸውን ግን በትክክል ጠርቷቸዋል። ጠቡን ጠብ፣ ጠላትነቱን ጠላትነት ብሎ ከሰየመ በኋላ ነው ሰፊው ስፍራ የመጣው። በደብተሩ ላይ ሦስት ጕድጓድ ይሣሉና ከሥራቸው የራስን ኤሴቅ፣ የራስን ስጥና ይጻፉ። ሦስተኛው ባዶ ቢቀር ችግር የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1890 የተቆረቆረችው የእስራኤሏ ረሆቮት ስሟን የወሰደችው ከዚህ ከሦስተኛው ጕድጓድ ነው። ዛሬ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩባታል፤ ከእነሱ መካከል ወደዚያ ለመድረስ በሱዳን በረሃ በእግራቸው የተጓዙ አሉ። ለእነሱ «ሰፊ ስፍራ» የሚለው ቃል ከውስጥ ሁኔታ አስቀድሞ የአገር ስም ነው። ይህ መረሳት የለበትም።

«አንድም» ማለት

አንድ ምልክት አንድ ፍቺ ብቻ አለው የሚል መጽሐፍ ካጋጠመዎት ይጠራጠሩት። የኢትዮጵያ የመጻሕፍት ጉባኤ ቤት ከዚህ የተሻለ ልማድ አለው። የግእዙ ንባብ ይነበባል፣ በአማርኛ ይተረጐማል፤ መምህሩ አንዱን ፍቺ ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያመጣል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ አጠገቡ ይቀመጣል።

በዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። አንድምታ በዚህ መመሪያ ከቀረበው የውስጥ ንባብ ጋር አንድ አይደለም። ሮጀር ካውሊ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1988 ባወጧቸው መጻሕፍት እንዳሳዩት የአንድምታው ሥር ይበልጥ የሚጠጋው ወደ አንጾኪያ ትርጓሜ ነው፤ አንጾኪያዎቹ ደግሞ ከእስክንድርያው ምሳሌያዊ አካሄድ ጋር የተከራከሩ፣ ለታሪኩና ለንባቡ የቆሙ ሰዎች ነበሩ። ስለ ውስጥ ሁኔታ በሰፊው የሚናገረው የጉባኤ ቤት ክፍል መጻሕፍተ መነኮሳት ነው፦ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስ፣ አረጋዊ መንፈሳዊ። ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዘመን የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሹሞ፣ ከአምስት ወር በኋላ ሹመቱን ትቶ ወደ በረሃ የገባ መነኩሴ ነው። ዮናስ ሊገባባት ካልፈለገው ከተማ ይኸኛው ወጥቶ ሄደ። ትውልዱ ዛሬ ኳታር በምትገኝበት አካባቢ ነበር፤ በዚያ ለእንጀራ የተሰማሩ የእኛ ሰዎች ይህን ቢያውቁት መልካም ነው።

ከጉባኤ ቤቱ የሚወሰደው ልማድ ይህ ነው፦ ለአንድ ምልክት ቢያንስ ሁለት «አንድም» ይጻፉ፤ እያንዳንዱም በንባቡ ውስጥ ባለ አንድ ቃል ላይ ይቁም። ዓሣው ቅጣት ነው፤ ከባሕር ወዲያ ሌላ እስር ቤት ነውና። አንድም፣ ዓሣው መዳኛ ነው፤ ባይውጠው ይሰጥም ነበርና። ዕብራይስጡ እግዚአብሔር ዓሣውን አዘጋጀ የሚልበትን ግሥ ለቅሉም፣ ለትሉም፣ ለነፋሱም ይጠቀምበታል፤ አራቱንም በአንድ ቃል። ጥላ የሰጠውና ጥላውን የበላው ከአንድ እጅ ከመጡ፣ ቅሉን «ደግ ሁኔታ» ትሉን «ክፉ ሁኔታ» ብሎ ለሁለት የከፈለ ደብተር እንደገና መጻፍ አለበት።

ምልክት መሆን የሌለበት

ይህ ክፍል ሳይነበብ እንዳይታለፍ። የውስጥ ንባብ ሰውን ያድናል፤ ያጠፋልም።

ፊሎን ራሱ አጋርን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት፣ ሣራን ጥበብ ብሎ ተርጉሟል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም በገላትያ 4 ሁለቱን ሴቶች ምሳሌ አድርጎ ለሁለት ኪዳን ሰጥቷቸዋል። ነገር ግን ዘፍጥረት 16ን ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ ያንብቡላት። አጋር እመቤቷ አስጨንቃት ወደ ምድረ በዳ የኮበለለች አገልጋይ ናት። መልአኩ በውኃ ምንጭ ዳር አግኝቷት ከወዴት መጣሽ፣ ወዴትስ ትሄጃለሽ ብሎ ይጠይቃታል፤ እሷም አምላክን የሚያየኝ ብላ ትሰይመዋለች። ለዚህች ልጅ «አጋር በውስጥሽ ያለች ያልበሰለች አሳብ ናት» ማለት የሰው እንባ መርገጥ ነው። መጀመሪያ ታሪኩ እንደ ታሪክ ይከበር፤ በደሉ በደል ተብሎ ይጠራ። የመልአኩን ጥያቄ ወደ ራስ መመለስ የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ታሪኩን ጭራሽ መካድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 በባርቤዶስ ተወልዶ በ1972 በሎስ አንጀለስ ያረፈው ኔቪል ጎዳርድ በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ሳይሆን በሰው ንቃተ ኅሊና ውስጥ የሚካሄድ ድራማ ነው ብሎ አስተማረ። ኒው ዮርክ ውስጥ ያስተማረው አብዱላህ የሚባል ኢትዮጵያዊ አይሁዳዊ እንደሆነም ይናገር ነበር። የኔቪል አነባበብ ሕያው ነው፤ አንባቢን ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። ሙሴ በቁጥቋጦው የሰማውን የእግዚአብሔርን ስም የሰው የራሱ ኅሊና ነው እስከ ማለት ሲደርስ ግን የሚጠይቀውና የሚመልሰው አንድ ሰው ይሆናል። ያኔ ዮናስን ማን ይቀሰቅሰዋል?

ፊሎን ይህን ፈተና አስቀድሞ አይቶታል። በዘመኑ የሰንበትንና የግዝረትን ምሥጢር አወቅን ብለው ሥርዓቱን ራሱን የተዉ ሰዎች ነበሩ። ምሥጢሩ ነፍስ ከሆነ ፊደሉ ሥጋ ነው፤ የነፍስ ቤት ስለሆነም ሥጋን እንንከባከባለን ሲል ገሥጿቸዋል። ደብተሩ ላይ ጾምን የውስጥ ጾም ብሎ ጽፎ ለጎረቤት እንጀራ የማይቆርስ አንባቢ ይህን ተግሣጽ ለራሱ ይውሰድ።

ሦስተኛው አጭር ነው። የቀኙን ዓምድ በዘመድ፣ በጎረቤትና በባልንጀራ ስም አይሙሉት። ቀኙ ዓምድ የአንባቢው ብቻ ነው።

ሦስቱ ቀን

ሰኞ ምዕራፍ 1ን ይዘው ይዋሉ። ጠዋት ያንብቡ፤ ማታ ደግሞ በቀኑ ውስጥ «ወረደ» የሚያሰኝ ሰዓት የቱ እንደነበር፣ «ተነሥ» ያለውም ማን እንደነበር ይጻፉ። ቃሉ ብዙ ጊዜ ከማይጠበቅ ሰው ይመጣል፤ ከታክሲ ረዳት፣ ከሕፃን ልጅ።

ማክሰኞ ምዕራፍ 2 እና 3 ይነበባሉ። የሆድ ጥያቄ የዚህ ቀን ነው። ነነዌን በተመለከተ ንጉሡ ከዙፋኑ ተነሥቶ በአመድ ላይ መቀመጡን ያስተውሉ፤ ይህም መውረድ ነው፤ የዮናስን ግን አይመስልም። ልዩነቱን በሁለት መስመር ይጻፉ።

ረቡዕ ምዕራፍ 4። ዮናስ በመጽሐፉ ሁሉ ደስ ሲለው የሚታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቅሉ ጥላ ሲሆነው። እግዚአብሔር ትቈጣ ዘንድ ይገባሃልን እያለ ሁለት ጊዜ ይጠይቀዋል፤ መጽሐፉም ግራቸውንና ቀኛቸውን ስለማይለዩ ከ120,000 በላይ ሰዎችና ስለ እንስሶቻቸው በቀረበ ጥያቄ ያበቃል። የዮናስ መልስ አልተጻፈም። እሱ ከከተማዋ ውጭ፣ በምሥራቅ በኩል እንደተቀመጠ ነው። አንባቢው በመልሱ ፈንታ የራሱን ይጻፍ፤ ዓረፍተ ነገሩ በማን ስም እንደሚጀምር ያስተውል።

ሥራው የጣመው ሰው ቀጥሎ ወደ ኦሪት ዘኍልቍ 33 ይሂድ። እስራኤል ከግብፅ ወጥተው ዮርዳኖስ እስኪደርሱ የሰፈሩባቸው ስፍራዎች በስም ተዘርዝረዋል። ብዙ ሰው አሰልቺ ዝርዝር ነው ብሎ ይዘለዋል፤ ኦሪጀን ግን 42 ሰፈር ቈጥሮ የነፍስን መንገድ ደረጃ በደረጃ አንብቦበታል። ለአንድ ሰፈር አንድ ቀን ቢሰጡት 42 ቀን ይወስዳል። መነሻው ራምሴ ነው፤ የመጀመሪያው ሰፈር ሱኮት፣ ቁጥር 5 ላይ።